ሙታንን ማንሣትና ሙታንን መሳብ

በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን ግዛት፥ ሌክ ጄኔቫ በምትባል ትንሽ ከተማ፥ በ1974 ዓመት (ይህም በኤውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚመጡት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት ሰዎች የደረሱአቸው ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት በአንድ ሣጥን ሁነው ለሽያጭ ወጡ። ስማቸውም ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ተባለ፤ ወደ አማርኛ ቢመለስ ወህኒና ዘንዶ እንደ ማለት ነው። መጻሕፍቱ የሚነበቡ ታሪኮች ሳይሆኑ የአንድ አዲስ ጨዋታ ሕግ ናቸው። ጨዋታውም እንደ ገበጣ ጠጠር የሚቈጠርበት፥ እንደ ሰንጠረዥም ንጉሥ የሚማረክበት አይደለም። አምስት ወይም ስድስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ መሪ ሁኖ ተረቱን ይተርካል፤ የቀሩት እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው በልባቸው ፈጥረው፥ አንዱ ወታደር፥ አንዱ ሌባ፥ አንዱ አስማተኛ ሁኖ ወደ ተረቱ ይገባሉ። ነገሩ ያልተቈረጠ በሆነ ጊዜ ቍጥር የተጻፈባት ባለ ብዙ ገጽ ጠጠር ተጥላ ትቈርጠዋለች። አሸናፊና ተሸናፊ የለም፤ ተረቱ ሲሄድ ያድራል እንጂ።

ይህ የጨዋታ ሕግ ከታተመ ኀምሳ ዓመት አልፎታል። በነዚህ ዓመታት ብዙ ጊዜ ታርሞአል፤ ተስፋፍቶአል፤ እርስ በርሱም ተቃርኖአል። ስለዚህ ልጆች የሚያነቡት ተራ ነገር ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ከእትም ወደ እትም የሚለዋወጥ ንባብ ያለው መጽሐፍ የሐያሲ ሥራ ነው፤ ይልቁንም ከሕጎቹ መካከል አንደኛው የጥንት ባለ ቅኔዎችና የነቢያት መጻሕፍት የደከሙበትን ጥያቄ የያዘ ስለ ሆነ። ጥያቄውም፥ የሞተ ሰው ሥጋ የማን ነው? የሚል ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ጨዋታው ከስምንት ከሚከፍለው አስማት አንዱን ክፍል በግሪክ ቃል ኔክሮማንሲ ይለዋል። ቃሉ በሥሩ በሙታን አማካይነት መጠንቈል ማለት ነው፤ በጨዋታው ግን ከሞትና ከሕይወት ጋር የተያያዘው አስማት ሁሉ የሚጠራበት ስም ሁኖአል። በአማርኛ ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 18 ይህን ሥራ የሚሠራውን ሰው ሙታን ሳቢ ይለዋል። ይህ ትርጓሜ ከግሪኩ ይልቅ ጠሊቅ ነው። በግዕዝ ሰሐበ ማለት ጐተተ ማለት ነው፤ አንሥአ ማለት ግን አስነሣ ማለት ነው። የሚነሣ ሰው በእግሩ ይቆማል፤ የሚሳብ ሰው ግን በሌላው እጅ ነው። የሁለቱን ግሥ ልዩነት የያዘ ሰው፥ ጨዋታው ኀምሳ ዓመት ሙሉ ሲያነሣና ሲጥል የኖረውን ነገር ከግማሽ በላይ አውቆታል ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ሥራዎች ከመጀመሪያው አንሥቶ በመጽሐፉ ውስጥ ጎን ለጎን አሉ። በ1974ቱ መጽሐፍ የሞተውን ሰው ወደ ቀድሞ ሕይወቱ የሚመልሰው ድግምት ለአንድ ወገን፥ ሬሳውንና ዐፅሙን ብቻ የሚያንቀሳቅሰው ድግምት ለሌላ ወገን ተሰጥቶአል። የፊተኛውን የሚሠራውን ሰው መጽሐፉ ካህን ይለዋል። (ይህን ስም በዚህ ገጽ ላይ መጻፍ ለብዕር ይከብዳል፤ የመጽሐፉ አጠራር ስለ ሆነ ግን ይለፍ።) ሁለተኛውን የሚሠራው አስማተኛው ነው። በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ግን ሁለቱንም ለካህኑ ሰጠው። ሬሳ ለማንቀሳቀስ አንድ ጠብታ ደም፥ ትንሽ የሰው ሥጋ፥ አንድ ቍንጥር የዐፅም ዱቄት ያስፈልጋል አለ፤ ቀጥሎም ይህ ሥራ በመሠረቱ መልካም እንዳልሆነ፥ ደግ የሆነው ካህንም በቂ ምክንያት ሳይኖረውና በብርቱ ሳያስብ እንዳይሠራው አስጠነቀቀ። በምን ምክንያት መልካም እንዳልሆነ ግን አልተናገረም።

በዚያው ዘመን በአሜሪካ አንዳንድ ሰባክያን በጨዋታው ላይ ተነሥተው የአጋንንት ትምህርት ቤት ነው አሉት። ጃክ ቺክ የተባለው የመንፈሳዊ ሥዕላዊ ጽሑፎች አሳታሚ በ1984 ጨዋታው ልጆችን ወደ ጥንቈላ ማኅበር እንደሚያስገባ የምታሳይ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ጽሑፏ በጣም ታወቀች፤ በጨዋታው መጽሐፍ ውስጥ የተጻፈውን ግን አልመረመረችም። ክሱ በጥሩ ምርመራ የተደገፈ ስላልነበረ መልሱም እንደዚያው ቀላል ሆነ፤ በ1989 የወጣው ሁለተኛው እትም አጋንንትና ዲያብሎስ የሚሉትን ስሞች ከመጽሐፉ አወጣና ነገሩን ጨረሰው። ሬሳ የሚጐትተው ድግምት ግን በቦታው ቀረ። ይባስ ብሎ በ1995 ስለ ሙታን ሳቢዎች ብቻ የሚናገር አንድ መጽሐፍ ታተመ፤ ለተጫዋቾች ሳይሆን ለጨዋታው መሪዎች የተጻፈ ነበርና ሙታን ሳቢው ተጫዋች የሚለብሰው ሰው ሳይሆን ተጫዋቾች የሚዋጉት ጠላት እንዲሆን አሰበ። ከሳሾቹ ስሙን ሲያሳድዱ ግብሩ ከአጠገባቸው አለፈ።

ከዚህ በኋላ የመጡት እትሞች ፍርዱን ለማጥበቅ ሞከሩ። በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ድግምቱን ክፉ የሚል ምልክት ለጠፈበት። እንግዳው ነገር ግን የሚነሣው ዐፅም ራሱ በዚያ እትም ክፉም ደግም ያልሆነ፥ እንደ መሣሪያ ያለ ፍጥረት ሁኖ መጻፉ ነው። እንግዲህ ድንጋይ ተሸካሚው ንጹሕ ከሆነ፥ የተሸከመውም ድንጋይ ንጹሕ ከሆነ፥ ማሸከሙ ስለ ምን ክፉ ሆነ? ብሎ የሚጠይቅ ተጫዋች አይጠፋም፤ ብዙዎችም ጠየቁ። በ2003 የታረመው እትም ለጥያቄው መልስ በመስጠት ፈንታ ዐፅሙንም ክፉ አደረገው። ምክንያት የጐደለው ፍርድ በሁለተኛ ፍርድ ተሞላ ማለት ነው። በ2014 የወጣው አምስተኛው እትም ደግሞ ለዘብ ብሎ፥ ሙታንን ማንቀሳቀስ የደግነት ሥራ እንዳልሆነና ደጋግመው የሚሠሩት ክፉዎች ብቻ እንደ ሆኑ ተናገረ። አልፎ አልፎ የሚሠራውስ? ለእርሱ በሩ ተከፍቶ ቀረ። በ2024ቱ እትም ስምንቱ የአስማት ክፍሎች በአጭር ሠንጠረዥ ተጠቃለዋል፤ በሠንጠረዡ ላይ ለፍርድ የሚሆን ቦታ የለም። በዚያው መጽሐፍ ለአስማተኛው ከቀረቡት አራት መንገዶች መካከልም የሙታን ሳቢው መንገድ አልገባም።

የመጽሐፉ ጉድለት እንግዲህ ክፋትን ማስተማሩ አይደለም፤ በተቃራኒው በየእትሙ ክፉ ነው እያለ ይመሰክራል። ጉድለቱ ክፋቱ የት እንዳለ አለማወቁ ነው። በ1978ቱ መጽሐፍ ቍስል የሚፈውሰው ድግምት ሳይቀር በዚሁ በሙታን ሳቢነት ክፍል ተመዝግቦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈውሱ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዞር ኖረ፤ በ2000 ወደ አንዱ፥ በ2014 ወደ ሌላው፥ በ2024 ደግሞ ወደ ሦስተኛው ተዛወረ። የሞተውን ወደ ሕይወት የሚመልሰው ድግምት ግን በአምስተኛው እትም ሬሳ ከሚጐትተው ድግምት ጋር በአንድ ክፍል፥ በአንድ ስም ሥር ተቀምጦአል። ትንሣኤና ጕተታ አንድ ስም ወጣላቸው።

ነገር ግን በመጽሐፉ ሕግ ውስጥ ደራስያኑ ራሳቸው ያላስተዋሉት የሚመስል አንድ ትልቅ ልዩነት ተጽፎአል። የሞተውን የሚመልሰው ድግምት የሚሠራው ነፍስ ከፈቀደችና ለመመለስ ነጻ ከሆነች ብቻ ነው። የሞተው ሰው አልመለስም ካለ የካህኑ ድካም ከንቱ ይቀራል። ሬሳ የሚያንቀሳቅሰው ድግምት ግን የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ዐፅሙ የማን እንደ ነበረ፥ ስሙ ማን እንደ ነበረ፥ ዘመዶቹ በሕይወት መኖራቸውን አይጠይቅም፤ የአካሉን መጠን ብቻ ይጠይቃል። ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ የተነሣው ዐፅም የታዘዘውን ይሠራል፤ ቀኑ ሲያልቅ ድግምቱ ካልታደሰ መታዘዙን ይተዋል። በጥንት ቋንቋ ይህ የባሪያ ውል ነው፤ ውል ለመባልም አይበቃም፥ አንደኛው ወገን አልተጠየቀምና። ክፋቱ በደሙ ጠብታ ወይም በዐፅሙ ዱቄት አይደለም፤ እሺም እንቢም ለማለት ከማይችል ሰው አገልግሎት በመውሰዱ ነው። መጽሐፉ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ኖሮ ክፉ የሚለውን ምልክት መለጠፍ ባላስፈለገውም ነበር።

የግሪክና የሮም ባለ ቅኔዎች ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። በሆሜር ኦዲሴያ በአሥራ አንደኛው መጽሐፍ ኦዲሴዎስ ከሙታን ጋር ለመነጋገር ጕድጓድ ቈፍሮ የበግ ደም ያፈሳል። ሙታኑ ግን ጥማታቸው እየሳባቸው በራሳቸው ይመጣሉ፤ እርሱም ሰይፉን መዝዞ ይከለክላቸዋል እንጂ አይጐትታቸውም። ከሁሉ አስቀድሞ የመጣው የራሱ ባልንጀራ ኤልፔኖር ነው፤ ከቤት ጣሪያ ወድቆ ሞቶ ሳይቀበር ቀርቶአልና ቅበረኝ ብሎ ይለምነዋል። ጀግናው ስለ ወደ ፊቱ ሊጠይቅ ሂዶ የመጀመሪያ ያገኘው የቀብር ዕዳ ሆነ፤ ተመልሶም ቀበረው። ሉካኑስ የተባለው የሮም ባለ ቅኔ ደግሞ በ65 ዓመተ ምሕረት ሳይሞት በፊት በጻፈው የርስ በርስ ጦርነት ታሪክ በስድስተኛው መጽሐፍ ኤሪክቶ የተባለችውን የቴሳሊያ ጠንቋይ ያመጣል። እርስዋም በጦር ሜዳ የወደቀውን የአንድ ወታደር ሬሳ ጐትታ ስለ ጦርነቱ ፍጻሜ እንዲናገር ታደርገዋለች። ነፍሱ ወደ ተወጋው ሥጋ መመለስን ትፈራለች፤ ጠንቋይቱ የታችኛውን ዓለም አማልክት አስፈራርታ ታስገድዳታለች። ይሁን እንጂ ይህች በጽሑፍ ዓለም እጅግ የከፋችው ጠንቋይ እንኳ ለሬሳው ደመወዝ ሰጥታዋለች፤ ከተናገረ በኋላ ማንም ዳግመኛ ሊያስነሣው እንዳይችል አድርጋ አቃጥላዋለች። የጨዋታው አስማተኛ ለዐፅሙ ይህን ያህል እንኳ አይከፍልም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በምዕራፍ 28 የተጻፈው የሳኦልና የዓይንዶር ሴት ነገር ለዚህ ገጽ አንባቢ አዲስ አይደለም። የጥንት ተርጓሚዎች በዚያ ነገር ተከራክረዋል፤ ኦሪጌንስ የወጣው ሳሙኤል ራሱ ነው አለ፤ የአንጾኪያው ኤዎስጣቴዎስ ይህን ተቃውሞ መጽሐፍ ጻፈበት፤ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስም በሳሙኤል አምሳል የታየው ጋኔን ነው አለ። ክርክሩ ለነገረ መለኮት ታላቅ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን የሚበቃው ሁሉም የተስማሙበት ነው፤ የታየው ማንም ይሁን ማን፥ የመጀመሪያ ቃሉ ስለ መታወኩ የቀረበ ወቀሳ ነው። መጽሐፉ ሴቲቱን ከንጉሡ ይልቅ በርኅራኄ መመልከቱም ሊታለፍ አይገባም፤ የሰባ ጥጃ አርዳ፥ ቂጣ ጋግራ፥ ለሞት የተቃረበውን ሰው አብልታ ሰድዳዋለች። ሙታንን ያሳበው ፈላጊው ነው።

ከዚያ ምዕራፍ በኋላ ሦስት ምዕራፍ አልፎ የሚመጣውን ነገር ግን ብዙ ሰው ከዚህ ጋር አያገናኘውም። ሳኦል በጌልቦዓ ተራራ ከወደቀ በኋላ ፍልስጥኤማውያን ሬሳውን በቤትሳን ቅጥር ላይ ሰቀሉት። የኢያቢስ ገለዓድ ሰዎች ሌሊቱን ሁሉ ተጕዘው አወረዱት፤ ዐፅሙንም ቀበሩ። የሌላውን ሰው ዕረፍት ያወከው ንጉሥ የራሱን ዕረፍት ያገኘው በሌሎች ሰዎች ደግነት ነው። ደራሲው ይህን ሲያስቀምጥ ምንም አላብራራም፤ አቀማመጡ ራሱ ይናገራልና። ዮሴፍም በሞተ ጊዜ ዐፅሙን ከግብፅ እንዲያወጡ ወንድሞቹን አስማለ፤ ሙሴም በወጣ ጊዜ ዐፅሙን ይዞ ወጣ። እዚህ ላይ ዐፅም ተነቅሎ ተጕዞአል፤ ነገር ግን በባለቤቱ ቃል ተጕዞአል። ነቢዩ አሞጽ በምዕራፍ 2 ሞዓብን የሚከስሰው የኤዶምያስን ንጉሥ ዐፅም አቃጥሎ ኖራ ስላደረገው ነው፤ የእስራኤልን ንጉሥ ዐፅም አይደለም፥ የአሕዛብን ንጉሥ ነው። ዐፅም የጠላትም ቢሆን ለግንብ መለሰኛ አይሆንም ማለት ነው።

ጨዋታው ከነዚህ ምንጮች የቀዳው ጥቂት ነው። ሬሳን የሚጠራበት አንደኛው ስም፥ ዞምቢ የሚለው፥ ከሌላ ቦታ መጥቶአል፤ ይኸውም ከሀይቲ ነው። ቃሉን በእንግሊዝኛ አንባቢ ዘንድ እጅግ ያስፋፋው ዊልያም ሲብሩክ በ1929 ያሳተመው የጕዞ መጽሐፍ ነው፤ በ1932ም ሲኒማ ተሠራበት። ሀይቲ ግን ከ1804 በፊት የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ ከአፍሪካ ተግዘው የመጡ ባሮች በሸንኮራ እርሻ እየሠሩ የሚያልቁባት ምድር ነበረች። ለእንዲህ ያለ ሰው ሞት ብቸኛ ዕረፍቱ ነው። ዞምቢ ማለት እንግዲህ ከሞተም በኋላ እርሻ ላይ የቀረ ሰው ነው፤ ፍርሃቱ ዞምቢው ይበላናል የሚል አይደለም፥ ዞምቢ እንሆናለን የሚል ነው እንጂ። የጨዋታው መጽሐፍ ስሙን ወስዶ ይህን ፍርሃት ገለበጠው፤ የባሪያውን ሥጋት የጌታው መሣሪያ አደረገው። ክፋቱ በምን እንዳለ ለሚጠይቅ ተጫዋች መልሱ በቃሉ ውስጥ ነበረ፤ ማንም ግን ቃሉን አልፈታውም።

ሥራውን የሚደግፉ ተጫዋቾችም ክርክር አላቸው፤ ክርክራቸውም ያለ መልስ የሚታለፍ አይደለም። ነፍስ ከወጣች በኋላ ሥጋ ባዶ ዕቃ ነው ይላሉ፤ በሕይወት ያለ ሰው በወህኒ ወጥመድ ውስጥ ከሚሞት ዐፅም ቢቀድም፥ ድኻ ገበሬ በጦርነት ከሚያልቅ ሬሳ ቢዋጋ አይሻልምን? ይላሉ። ይህ ክርክር ብርቱ ነው። በ2004 ኪት ቤከር የደረሰው ኤቤሮን የተባለው የጨዋታው ዓለም ክርክሩን በሁለት አገሮች መስሎ አሳይቶታል። ካርናት የተባለው መንግሥት የሞቱ ወታደሮቹን አስነሥቶ ዳግመኛ ወደ ጦር ይልካቸዋል። ኤሬናል በተባለችው ደሴት ግን የከበሩ አባቶች ከሞቱ በኋላ በልጆቻቸው ፍቅርና አምልኮ ተጠብቀው ይኖራሉ፤ ይመክራሉ። ክርስቲያን አንባቢ የደሴቲቱን አምልኮ ሊቀበል አይችልም፤ ሐያሲው ግን ልዩነቱ የት እንዳለ ማየት አለበት። በካርናት ሙታን ይታዘዛሉ፤ በኤሬናል ሙታን ይደመጣሉ። እዚያ ላይ ሙት ቍጥር ነው፤ እዚህ ላይ ሙት ዘመድ ነው።

ሰው በሕይወት ሳለ ፈቅዶ ቢሸጥስ? ለሚለው ክርክር ከሁሉ የተሻለ መልስ የሰጠው መጽሐፍ አይደለም፤ በ1999 የወጣው ፕሌንስኬፕ ቶርመንት የተባለው፥ በዚያው ሕግ የተሠራ የኮምፒዩተር ጨዋታ ነው። በዚያ ጨዋታ ሲጊል በምትባለው ከተማ ሬሳ ጠባቂ የሆነ አንድ ማኅበር አለ። ማኅበሩ ድኾችን በሕይወት ሳሉ ያስፈርማቸዋል፤ ጥቂት ሳንቲም ይሰጣቸዋል፤ ሲሞቱም ሥጋቸው ለማኅበሩ አገልጋይ ይሆናል። ተጫዋቹ ሰው ታሪኩን የሚጀምረው በዚያው በሬሳ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነቅቶ ነው፤ በዙሪያውም የሞቱት ሠራተኞች በግንባራቸው ቍጥር ተጽፎባቸው፥ አንዳንዶቹም ከንፈራቸው ተሰፍቶ፥ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳሉ። ፈርመዋል፤ ተከፍሎአቸዋል፤ በሕግ በኩል የሚነቀፍ የለም። ሆኖም ተመልካቹ ያዝናል። ለምን እንደሚያዝን ጨዋታው አይነግረውም፤ የተሰፋውን ከንፈር ብቻ ያሳየዋል። ራሱን ለመሸጥ የተገደደ ሰው ፈቃድ ምን ያህል ፈቃድ ነው? የሚለውን ጥያቄ የሕግ መጽሐፉ በስድስት እትም ሊያነሣው ያልቻለውን፥ ይህ ጨዋታ በአንድ አዳራሽ አነሣው።

የዋጋ ነገር ከመጣ ዘንድ ትንሣኤው ራሱ ከገንዘብ እንዳልጸዳ መናገር ይገባል። በሕጉ ላይ የሞተውን የሚመልሰው ካህን አልማዝ ያቃጥላል፤ በ2003ቱ እትም የአልማዙ ዋጋ 5,000 የወርቅ ሳንቲም ነበረ፥ በ2014ቱ 500 ሆነ፤ ለታላቁ ትንሣኤ ግን በሁለቱም እትም 25,000 ይጠየቃል። ባለጠጋ ይነሣል፤ ድኻ ተቀብሮ ይቀራል። ዋጋውን ያስገቡት ለጨዋታው ሚዛን ነው፥ ሞት ቀላል እንዳይሆን ነው፤ ይህ ይታወቃል። የሲሞን መሠሪን ታሪክ የሚያውቅ አንባቢ ግን ፈገግ ሳይል አያልፈውም።

የሚቀረው፥ ይህን በጨዋታ መሥራት ኀጢአት ነውን? የሚለው ነው። ልጁ በአሜሪካ ወይም በኤውሮጳ ከባልንጀሮቹ ጋር ይህን ሲጫወት ያየ አባት ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ ነው። በተውኔት ይሁዳን የሚጫወት ሰው ጌታውን አልሸጠም፤ ሄሮድስን የሚጫወትም ሕፃናትን አላረደም። በጠረጴዛ ዙሪያ ዐፅም አስነሣሁ የሚል ልጅም ምንም አላስነሣም፤ ጠጠር ጣለ እንጂ። በገጠርም በከተማም ስለ መናፍስት ጐታች የሚወራውን ወሬ ከዚህ ጋር መቀላቀል የፍርድ ስንፍና ነው፤ ያኛው በሰው ተስፋና ሥጋት የሚነግድ ነው፥ ይህኛው ተረት ነው። ነገር ግን በተውኔትና በዚህ ጨዋታ መካከል አንድ ልዩነት አለ። በተውኔት ይሁዳን የሚያጫውተው ደራሲ የይሁዳን ፍጻሜ አብሮ ጽፎአል። በጠረጴዛው ጨዋታ ግን ፍጻሜው አልተጻፈም፤ ተጫዋቹ ራሱ ይጽፈዋል። አራት ዐፅም ከፊቱ አስቀድሞ ወጥመድ የሚያስመታ ልጅ፥ መሪው ምንም ካላለው፥ ሙት ዕቃ ነው የሚለውን ነገር ማንም ሳያስተምረው ይለምደዋል። መሪው ብልህ ከሆነ ግን አንድ ጊዜ ብቻ፥ ከዐፅሙ ጣት ላይ የጋብቻ ቀለበት ያሳየዋል፤ ወይም በመንደሩ በር ላይ የባሏን አረማመድ የምታውቅ መበለት ያቆማል። ከዚያ ወዲያ ያ ልጅ ድግምቱን እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይጠራውም። ጨዋታው ለክፉም ለደግም የሚሆን ዕቃ መሆኑን የሚወስነው የመሪው ዝምታ ወይም የመሪው ቃል ነው፤ ክፉ የሚለው ምልክት በዚህ ላይ ምንም አልጨመረም፤ ልጁ ምልክቱን አንብቦ ያልፈዋልና።

በቅኔ ቤት ሰሙ ከወርቁ ሲለይ ቃሉ ይቀራል፥ ነገሩ ግን ይሄዳል ይባላል፤ የሚንቀሳቀሰው ዐፅም እንዲህ ወርቁ የሄደበት ሰም ይመስላል። ነገር ግን በ2014 በወጣው የጨዋታው የአራዊት መጽሐፍ፥ በዐፅሞች ክፍል፥ ሌላ ነገር ተጽፎአል። ይህ ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ ካለው ስለ ሙታን ከተጻፈው ሁሉ ይበልጣል፤ ማን እንደ ጻፈው በስም አልተለየም፥ የብዙዎች ሥራ ነውና። ጌታው ሲለቀው፥ ይላል መጽሐፉ፥ ዐፅሙ አንዳንድ ጊዜ በሕይወት ሳለ የለመደውን ሥራ ይመስላል። ማዕድን ቈፋሪ የነበረው ዶማውን አንሥቶ የዋሻውን ግድግዳ ይቈፍራል። ዘበኛ የነበረው ባገኘው በር ላይ ይቆማል። መኳንንት ከነበሩት አንዱ በባዶ አዳራሽ ውስጥ ከተተወ ያልፈጸመውን ጭፈራ ይቀጥላል። የፈረስ ዐፅምም ሊበላው የማይችለውን ሣር ይነጫል።

ይህን የጻፈው እጅና የዐፅሙን ባሕርይ ክፉ ብሎ በራሱ ላይ የጻፈው እጅ በአንድ ገጽ ላይ ናቸው። ሁለቱም አብረው እውነት ሊሆኑ አይችሉም፤ ሣር የሚነጭ ፈረስ ክፉ አይደለምና። አንባቢው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ የሚመርጠውም ፈረሱን ነው። ምናልባት በሚቀጥለው እትም አራሚዎቹ አንዱን ያወጡ ይሆናል። የሚያወጡት ምልክቱን ይሁን እንጂ ፈረሱን አይንኩት።